ለወንድሜ መቅኔ የሚተከልበትን ሆስፒታል እንዴት እንምረጥ?

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። የ19 ዓመት ወንድሜ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይደክመው ነበር፤ ድዱ ይደማል፣ ሰውነቱ ላይም ሳይመታ ይበልዛል። ደሴ ሆስፒታል ታይቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ተላከ። እዚያ ከዳሌው አጥንት ናሙና ተወስዶ ከባድ አፕላስቲክ አኒሚያ ነው፣ መቅኔው በቂ ደም መሥራት አቅቶታል፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል፣ ለዚህም ውጭ መሄድ አለባችሁ ተባልን። አምስት ልጆች ነን፤ ትንሿ ከአባታችን ብቻ ናት። አንድ ደላላ ዴሊ ያለ ሆስፒታል በጥቅል ዋጋ አምጥቶልናል። ጅዳ ያለው ታላቅ ወንድማችን ኢስታንቡል ይሻላል ይላል። አጎታችን ደግሞ ባንኮክ ነው የሚለው። ቅሬያችንና የሰፈሩ ሰው ብር እያሰባሰበልን ነው፤ ደላላው ግን ቅድሚያ ክፈሉ፣ አልጋው ሊያዝ ነው እያለ ያጣድፈናል። አባባ መቅኔ የሚሰጠው ልጅ ሽባ ይሆንብኛል ብሎ ፈርቷል። እማማ ደግሞ ደሜን በሙሉ ልስጠው ትላለች። የትኛውን ሆስፒታል እንምረጥ? እህቱ ነኝ።»

እህቴ፣ አብሽሪ። ፈጣሪ ይማርልሽ።

ከሦስቱ ከተማ አንዱን እንድመርጥልሽ ነው የጠየቅሽኝ። አሁን አልመርጥልሽም። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ዋጋው፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ከተማው ሁሉ አለ፤ ዋናው ነገር ግን የለም። መቅኔውን የሚሰጠው ማን ነው? ተመርምራችኋል? ሰጪው ሳይታወቅ ሆስፒታል አይመረጥም። ዋጋውም፣ የሚቆይበት ጊዜም፣ አደጋውም፣ የትኛው ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለበትም የሚለየው በሰጪው ነው። ደላላው ይህን ሳያውቅ ዋጋ ከቆረጠላችሁ፣ ምን እየሸጠላችሁ እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

የሰጪውና የተቀባዩ ሴል መግጠም አለመግጠሙን የሚያሳየው ምርመራ ኤችኤልኤ ይባላል። ትንሽ ደም ይወሰዳል፤ ወይም ጉንጭ ውስጡ በጥጥ ይጠረጋል፣ በቃ። የደም ዓይነት መግጠም ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ኦ ሆኖ አንቺ ኤ ብትሆኚም መስጠት ትችያለሽ። በአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ወንድምና እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ ከእሱ ጋር እናትም አባትም የምትጋሩ ሦስት ናችሁ፤ ስለዚህ ከሦስታችሁ ቢያንስ አንዳችሁ የመግጠማችሁ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። እናትና አባት ብዙውን ጊዜ በግማሽ ነው የሚገጥሙት። ትንሿም በአባታችሁ በኩል በግማሽ ልትገጥም ትችላለች፤ ግን ልጅ ስለሆነች እሷን መጨረሻ ላይ አስቡ።

ከቤተሰብ ውጭ ሰጪ መፈለግስ? በዓለም ላይ መቅኔ ለመስጠት የተመዘገበ ሰው ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። መዝገቡ ላይ ግን የእኛ ሰው በጣም ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳን ነጭ ታማሚ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ሰጪ ከመዝገቡ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን፣ ለጥቁር አሜሪካዊ 29 በመቶ ነው። ለወሎ ልጅ ተስፋው ያለው ቤት ውስጥ ነው፣ እናንተ ጋ።

ጅዳ ያለው ወንድማችሁ ናሙናውን እዚያው ሰጥቶ ውጤቱን ሊልክ ይችላል። ግን ከእሱ ጋር አንድ ነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሚገጥመው እሱ ቢሆንስ? ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ወጥቶ ለመመለስ ይፈቅድለታል ወይ? አሠሪው ለሳምንታት ይለቀዋል? ኢቃማ ከሌለው ደግሞ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ያ ማለት ለቤቱ የሚልከው ብር ሊቆም ነው፣ ምናልባትም ለሕክምናው የታሰበው ብር ጭምር። ይህን ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት በግልጽ አውሩት። ውጤት ከመጣ በኋላ ሲሆን እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም ይጨንቃል።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ፤ ይሄ አይቆይም። እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪያት፦ ደሟን ለእሱ አትስጥ። አንቺም፣ ወንድሞችሽም፣ አክስትና አጎትም፣ የሥጋ ዘመድ የሆነ ሁሉ ለእሱ ብሎ ደም አይስጥ። የዘመድ ደም ሲገባለት ሰውነቱ ያንን ደም እንደ ጠላት ይለማመደውና፣ በኋላ መቅኔው ሲተከል አልቀበልም ብሎ ሊጥለው ይችላል። ጎረቤት፣ የቅሬው ሰው፣ ጓደኛው፣ ዘመድ ያልሆነ ማንም ደም ባንክ ሄዶ ቢሰጥ ግን ትልቅ ውለታ ነው። እሱም ደም ሲያስፈልገው ይውሰድ፤ ንቅለ ተከላውን አስቦ ደም ይቅርብኝ ማለት አደገኛ ነው። ግን ሳያስፈልገው ደጋግሞ መውሰዱም በኋላ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ መቼ እንደሚሰጠው የሚወስነው ሐኪሙ ይሁን። የተጣራና በጨረር የታከመ ደም ይገኝ እንደሆነም ጠይቂ።

እዚሁ ላይ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሆስፒታል ባትጠይቂኝም። ራሱን አመመኝ ሲል አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አይሰጠው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት የሚባለው የደም ሴሉ ትንሽ ስለሆነ ደም ያፈሱታል። የሰፈር ክሊኒክ ሄዶ መቀመጫው ላይ መርፌ እንዳይወጋ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ «እስኪ ይደር» የሚባል ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰድ፣ ነጭ የደም ሴሉ ዝቅተኛ መሆኑንም በሩ ላይ ንገሯቸው። ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ቡናው አይቋረጥም፣ ለዱዓ ወዳጃውም ይጠራል፣ አክስት ጠበል ይዛ ትመጣለች፣ ሐጅ የሄደ ጎረቤት ዘምዘም ያመጣል። ይሄ ሁሉ ፍቅር ነው፣ ከእሱም ብዙ ኃይል ያገኛል። ግን ወዳጃው በሌላው ክፍል ይሁን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ከደጅ ይጠይቀው፣ የሚጠጣው ውኃ የየትም ይሁን የየት ሐኪሙ ይሁን ያለው ብቻ ይሁን። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ለጊዜው ይቅሩ።

አባባስ? አባባ የፈራው ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም እፈራ ነበር። ግን መቅኔው ከጀርባ አጥንት አይወሰድም። የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ከኋላ በኩል ነው፣ ሰጪው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ተኝቶ፣ በመርፌ እየተሳበ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሰጪው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይወጣል። ወገቡ አካባቢ ለቀናት ያመዋል፣ ይደክመዋል። የተወሰደው መቅኔ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱን ይተካል። ምንም አደጋ የለውም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ማደንዘዣ ባለበት ሁሉ ትንሽ አደጋ አለ። ሽባ ያደርጋል የሚለው ግን ከኅብለ ሰረሰር ጋር ተምታቶ የመጣ ነው። አንቺ ብትነግሪው ላያምን ይችላል፣ ልጁ ነሽና። ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሩ አባባን ይዛችሁት ግቡ፣ ራሱ ይጠይቅ።

ይህን ካነሳሁ፣ ሆስፒታል ለመፈተን የምትችይበትን አንድ ጥያቄ እዚሁ ልስጥሽ። የመቅኔውን ሴል በሁለት መንገድ መውሰድ ይቻላል፦ ከዳሌ አጥንት፣ ወይም ለሰጪው መድኃኒት ተወግቶ ሴሉ ወደ ደም ሥር ከወጣ በኋላ በማሽን ከክንዱ። ሁለተኛው ለሆስፒታሉ ይቀላል፣ ለብዙ የደም ካንሰር ዓይነቶችም ይጠቀሙበታል። ለአፕላስቲክ አኒሚያ ግን በተለይ ለወጣት ከዳሌ የሚወሰደው ይመረጣል። ከደም የተወሰደው በኋላ ጂቪኤችዲ የሚባለውን ችግር ያበዛል፤ ይሄ ማለት የገባው የሰጪው ሴል የታማሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት ማጥቃት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ለወንድሜ ከየት ነው የምትወስዱት? ለምን?» በዪው። ምክንያቱን ለይቶ ከነገረሽ፣ ይሄ ሰው በሽታውን ያውቀዋል። «ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የምናደርገው» ካለሽ ሌላ ፈልጊ።

ደላላው ሆስፒታሉ በዓመት ስንት ንቅለ ተከላ እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም። አብዛኛው ለካንሰር የሚሠራ፣ ታማሚው የራሱ ሴል ተወስዶ ተቀምጦ የሚመለስለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሌላ ሰው ሴል ከመቀበል በጣም የቀለለ ሥራ ነው። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ እንደ ወንድምሽ ስላለ ሰው ነው። ባለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት በከባድ አፕላስቲክ አኒሚያ ለመጣ ወጣት ስንቱን ሠራችሁ? ስንቱ ከወንድም ወይም ከእህት ሙሉ በሙሉ ገጥሞለት፣ ስንቱ በግማሽ ገጥሞለት? ከእነሱ ስንቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት አለ? ስንቱ ተከላው አልያዝ ብሎት ዳግም ተሠራለት? መልሱ በጽሑፍ ይምጣ፣ ከሆስፒታሉ አስተባባሪ ሳይሆን ከሐኪሙ። መቶ በመቶ እናድናለን የሚል ካለ ስሙን ከዝርዝርሽ አውጪው። በእሱ ዕድሜ ያለና ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ወንድም ወይም እህት ያገኘ ሰው፣ በጥሩ ማዕከል ከ10 ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ ለረጅም ዓመት ይኖራል። ይሄ ትልቅ ተስፋ ነው፣ እህቴ፣ ማጋነን አያስፈልገውም።

ግማሽ የሚገጥም ብቻ ከተገኘስ? ያኔ ጥያቄው ሁሉ ይቀየራል። በግማሽ ገጥሞ የሚሠራው ተከላ ባለፉት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል፣ ግን ልምድ ይፈልጋል፤ በዓመት አንድ ሁለቴ የሚሞክረው ሆስፒታል ለዚህ አይሆንም። ሌላም መንገድ አለ። ሰውነቱ ራሱ መቅኔውን ማጥቃቱን እንዲያቆም ኤቲጂ የሚባል መድኃኒት ከሳይክሎስፖሪን ጋር ይሰጣል፣ ኤልትሮምቦፓግ የሚባለውም ይጨመርበታል። ለውጡ እስኪታይ ከ3 እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል፣ በሽታው የመመለስ ዕድልም አለው፤ ሆኖም ብዙ ሰው በዚህ ተሽሎታል። ጥሩ ሆስፒታል ይህን ሳትጠይቂው ያነሳልሻል። ተከላ ብቻ እንጂ ሌላ አላወራ የሚለውን ተጠራጠሪው።

ስለ ማረጋገጫ ወረቀትም ትንሽ ልበል፣ ደላሎች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ማሳየት ስለሚወዱ። ጄሲአይ (JCI) የሚባለው የምስክር ወረቀት ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሆስፒታሉን አጠቃላይ አሠራር ነው የሚመለከተው። የመቅኔ ተከላ ክፍሉን ለይቶ የሚመረምረው በአውሮፓ ጄሲ (JACIE)፣ በአሜሪካ ፋክት (FACT) የሚባሉት ናቸው። ሆስፒታሉ እነዚህ አሉት ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌሉት የግድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በሕንድ ለብዙ ዓመት የሠሩ ማዕከላት አሉ። ሙምባይ ያለው ታታ ሜሞሪያል በ1983 እንደ ፈረንጆቹ፣ ቬሎር ያለው ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ ይህን ሥራ ሠርተዋል። ይህን የምልሽ ወደ እነሱ ሂዱ ለማለት አይደለም። ሕንድ ርካሽ ስለሆነ ነው የሚመረጠው የሚል ሰው ካለ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለው እንድታውቂው ነው። ደግሞም ለሆስፒታል በቀጥታ መጻፍ ይቻላል። ያለ ደላላ አይሆንም ያለሽ ሰው ስለ ራሱ ጥቅም ነው ያወራው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ቤተሰብ የሚያስበው የተከላውን ቀን ነው። ያ ቀን ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኦፕራሲዮን የለም። ለቀናት ጠንካራ መድኃኒት ተሰጥቶት የራሱ የመከላከያ ኃይል ይጠፋል፣ ከዚያ የሰጪው መቅኔ በከረጢት መጥቶ እንደ ደም በደም ሥሩ ይንጠባጠባል፣ ሴሎቹም መንገዳቸውን ራሳቸው አግኝተው አጥንት ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጭንቁ። ሴሉ እስኪይዝ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ምንም መከላከያ የለውም፣ አፉ ይቆስላል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ደምና ፕሌትሌት በየጊዜው ይፈልጋል። ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ እስከ 100ኛው ቀን ገደማ እዚያው ከተማ ሆኖ በሳምንት ሁለት ሦስቴ መታየት አለበት፤ ጂቪኤችዲውም፣ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ መነሳቱም በብዛት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሆስፒታል ስትመርጡ የምትመርጡት እነዚህን 100 ቀናት ነው።

እሁድ ሌሊት ትኩሳት ቢነሳበት ማን ያየዋል? ስልኩን የሚያነሳው የክፍሉ ሐኪም ነው ወይስ የጥበቃ ሠራተኛ? ደም ባንኩ በጨረር የታከመ ፕሌትሌት በማንኛውም ሰዓት ያገኛል? የሳይክሎስፖሪኑን መጠንና ሲኤምቪ የሚባለውን ቫይረስ እዚያው ይመረምራሉ ወይስ ወደ ሌላ ከተማ ልከው ለቀናት ይጠብቃሉ? ክፍሉ አየሩ በልዩ ማጣሪያ የሚጣራ ነው? ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ እዚያው ግቢ ነው? ቋንቋስ? ዴሊ ውስጥ አማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት አይከብድም። ኢስታንቡልና ባንኮክ ላይ ግን፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ሆዴን እዚህ ጋ ቆረጠኝ» ሲል ማን እንደሚያስተረጉምለት ቁርጡን ጠይቂ። እኔ ብሆን ከሚያብረቀርቅ እንግዳ መቀበያ ይልቅ ለዚህ ነው የምከፍለው።

ጥቅል ዋጋውንም በዚሁ ዓይን እዪው። ስንት ቀን ይሸፍናል? ብዙ ጥቅል ከተወሰነ ቀን በላይ አይሄድም። ኢንፌክሽን ቢመጣ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢገባ፣ ከወጣ በኋላ ዳግም ቢተኛ፣ ደሙና ፕሌትሌቱ፣ የሰጪው ምርመራ፣ ከወጣ በኋላ የሚወሰደው መድኃኒት፣ እነዚህ ውስጡ አሉ? በላዩ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ቢያንስ የሁለት ሰው ቆይታ፣ የሰጪውና የአስታማሚው፣ አለ። የሕንድ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና ቪዛ 60 ቀን ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ እዚያ ሆኖ ማራዘም ስለሚያስፈልግ የሆስፒታሉ ደብዳቤ እንዳይዘገይ ከመጀመሪያው አስታውሷቸው። ቅሬው የሰበሰበውን ብር በሙሉ ለጥቅሉ አታውሉት። እኔ ብሆን አንድ ሦስተኛውን አልነካም፣ ላልታሰበው አስቀምጠዋለሁ፤ የማይመጣ ነገር የለምና።

ለደላላው ደግሞ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። ደላላ ከሆስፒታሉ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ነው፤ ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ግን ምክሩን እንደ ወንድም ምክር አትስሚው። ክፍያ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ ነው፣ ደረሰኝ ያለው። አልጋው ሊያዝ ነው የሚለውን ማጣደፊያም ተዪው፤ የኤችኤልኤ ውጤት ሳይታይ የሚያዝ አልጋ የለም። መጣደፍ ያለባችሁ በምርመራው ነው፤ በእሱስ አንድ ሳምንትም አታባክኑ። የጥቁር አንበሳውን የመቅኔ ናሙና ውጤት፣ የደም ምርመራዎቹን በቅደም ተከተል፣ እስካሁን የወሰደውን ደም ብዛት ሰብስባችሁ ለሁለት ወይም ለሦስት ሆስፒታል ላኩ፤ ከሐኪሙ ጋር በቪዲዮ እንነጋገር በሉ። ባንክ የውጭ ምንዛሪ ለመስጠት የሕክምና ቦርድ ወረቀትና የሆስፒታሉን የዋጋ ደብዳቤ ሊጠይቅ ስለሚችል የቦርዱን ጉዳይ ጎን ለጎን ጀምሩት። ከመሄዱ በፊት ቲቢ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና የአንጀት ትላትል ይመርመር። እኛ አገር የተለመዱ ናቸው፣ መከላከያው ሲጠፋ ይነሳሉ፣ የውጭ ሐኪም ደግሞ ላያስባቸው ይችላል።

መመለሻውን ከመሄጃው በፊት አስቡት። ሲመለስ ለወራት፣ ምናልባት ከዓመት በላይ፣ መከላከያውን የሚያለዝብ መድኃኒት ይወስዳል። መድኃኒቱ አዲስ አበባ ይገኛል ወይ? መጠኑን በደም የሚለካለትስ? የላከው የጥቁር አንበሳ ሐኪም ከውጭው ሐኪም ጋር በኢሜይል ይገናኝ፣ የተደረገለት ሁሉ ተጽፎ ይምጣ። በልጅነቱ የወሰዳቸው ክትባቶች ኃይላቸውን ስለሚያጡ እንደ አዲስ መከተብ አለበት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢቀመጥ እመርጣለሁ። ከተመለሰም በኋላ ደሴ ሆስፒታል ላይ አንድ ሐኪም ታሪኩን አንብቦ ቢያውቀው፣ ትኩሳት ሲመጣ ከዜሮ አይጀመርም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ይናገራል። አባባ ይፈራል፣ እማማ ደሜን ልስጥ ትላለች፣ ታላቁ ኢስታንቡል ይላል፣ አጎት ባንኮክ ይላል። እሱ ግን የለም። 19 ዓመቱ ነው። ምን እንደተባለ በሙሉ ያውቃል? ወይስ እንዳይደነግጥ ብላችሁ ግማሹን ደብቃችሁታል? ልማዳችን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከፍቅር ነው። ግን ለብቻው ክፍል ተዘግቶበት፣ አፉ ቆስሎ፣ መድኃኒቱን የሚውጠው እሱ ነው፤ ያላመነበትን ነገር ሦስት ወር መቻል ይከብዳል። ደግሞ መድኃኒቱ ልጅ የመውለድ አቅሙን ሊነካ ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት ዘሩን ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ይህን ጥያቄ በእናትና በእህት ፊት አያነሳውም። ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚያወራበት ጊዜ ስጡት፣ ወይም ታላቁ ወንድሙ በስልክ ያንሳለት።

ሰጪዋ አንቺ ብትሆኚም እንደዚያው። ሰጪን የሚመረምረው ሐኪም ታማሚውን ከሚያክመው ቢለይ ጥሩ ነው፤ ስለ አንቺ ብቻ የሚያስብ አንድ ሰው ይኑር። ይህንንም ከምትጠይቂያቸው ጨምሪው።

የኤችኤልኤው ውጤትና የሆስፒታሎቹ መልስ ሲደርስሽ ጻፊልኝ። ያኔ ዴሊ ነው ኢስታንቡል የሚለውን ወረቀቱን ይዘን እናወራለን።